ማክስን ከካናዳ ሰማይ ያገደው የባሕር ኃይል መኮንን

ማርክ ጋርኖ በሰኔ 2025 በ76 ዓመቱ ሲያርፍ አብዛኛው ዜና በአንድ ሐረግ ጀመረ፤ «ወደ ጠፈር የሄደ የመጀመሪያው ካናዳዊ»። ትክክል ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ይህ ሰው መታወስ ያለበት በሌላ ቀን ይመስለኛል። ቀኑ መጋቢት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ከወደቀ ሦስት ቀን ሆኖታል። ጋርኖ የካናዳ የትራንስፖርት ሚኒስትር ነበር። ጋዜጠኞች ፊት ቆመና ቦይንግ 737 ማክስ ከካናዳ እንዳይነሳ፣ ካናዳ እንዳያርፍ፣ በላይዋም እንዳያልፍ መታገዱን ተናገረ። አሜሪካ በዚያው ቀን፣ ከሰዓታት በኋላ ተከተለች።

ስሙ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፤ የባሕር ኃይል መኮንን እንዴት የትራንስፖርት ሚኒስትር ይሆናል? ጥያቄው አይገርምም። እኛ ዘንድ ወታደርና ሥልጣን በአንድ አፍ ሲጠሩ ቶሎ ትዝ የሚለን 1966 ዓ.ም. ነው። የካናዳው መንገድ ግን ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ ሰውየው ምን ዓይነት መኮንን እንደነበረና በምን መንገድ ፖለቲከኛ እንደሆነ ያያል። ያ ሥልጠና በመጋቢቱ ውሳኔ ላይ ምን እንደጨመረና ምን እንዳጎደለም ይመረምራል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ዓይነት መኮንን?

ጋርኖ የተወለደው በ1949 በኩቤክ ከተማ ነው። አባቱ የምድር ጦር መኮንን ነበሩ። እሱም በ16 ዓመቱ ሴንት ዣን በሚገኘው ወታደራዊ ኮሌጅ ገባ። ከኪንግስተን ንጉሣዊ ወታደራዊ ኮሌጅ በ1970 በኢንጂነሪንግ ፊዚክስ ተመረቀ። በ1973 ደግሞ ለንደን ከሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዶክትሬቱን ያዘ። በመካከሉ፣ በ1969 እና በ1970 ክረምት፣ ከሌሎች 12 ሰዎች ጋር 18 ሜትር ገደማ በሚረዝም የሸራ ጀልባ አትላንቲክን አቋርጧል።

ከለንደን ሲመለስ «አልጎንኩዊን» በተባለች የጦር መርከብ ላይ ተመደበ። ሥራው የውጊያ ሥርዓት መሐንዲስነት ነበር። ይህ ስያሜ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የውጊያ ሥርዓት መሐንዲስ «ተኩስ» ብሎ የሚያዝ ሰው አይደለም። ራዳሩ፣ ሚሳኤሉና ኮምፒውተሩ ተናበው መሥራታቸውን የሚቆጣጠር ነው። አዛዡ ስክሪኑን አይቶ ይወስናል። ስክሪኑ ላይ የታየው ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥለት መሐንዲሱ ነው። ራዳሩ ከዋሸ ከላይ ያለው ውሳኔ ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት ያዙልኝ።

ማዕረጉም ብዙ ሰው ያደናግራል። ጋርኖ ከባሕር ኃይል የወጣው በ«ካፒቴን» ማዕረግ ነው። በምድር ጦርና በአየር ኃይል ካፒቴን ማለት ሻምበል ነው። በባሕር ኃይል ግን ካፒቴን ከኮሎኔል እኩል ነው። ስለዚህ «ሻምበል ጋርኖ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው።

በ1983 ካናዳ የመጀመሪያዎቹን ጠፈርተኞች ለመምረጥ በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣች። ከ4,000 በላይ ሰው አመለከተ። ስድስት ተመረጡ፣ አንዱ እሱ ነው። በጥቅምት 1984 ቻሌንጀር በተባለችው መንኮራኩር ወጥቶ ስምንት ቀን ቆየ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያቺው ቻሌንጀር በጥር 1986 ከተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ አየር ላይ ተበታተነች። ሰባት ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት በብርድ መለመጡን ማጣቱ ነበር። ከበረራው በፊት በነበረው ሌሊት መሐንዲሶች «በዚህ ብርድ አይነሳ» ብለው ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ተገልብጦ ቀረበባቸው። አደገኛ መሆኑን አረጋግጡ ተባሉ። እነሱ ደግሞ ስጋት እንጂ ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ተነሳች።

በበረራ ደኅንነት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? «ይብረር» የሚለው ሰው ደኅና መሆኑን ያስረዳል? ወይስ «ይቁም» የሚለው አደገኛ መሆኑን? ከ33 ዓመት በኋላ ይኸው ጥያቄ ቻሌንጀር ላይ ተሳፍሮ በነበረው ሰው ጠረጴዛ ላይ መጣ።

ጋርኖ ከባሕር ኃይል በ1989 ለቀቀ። በ1996 እና በ2000 በኢንዴቨር መንኮራኩር ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወጣ። በሦስቱ ጉዞዎች ጠፈር ላይ ያሳለፈው ጊዜ ከ677 ሰዓት በላይ ነው። ከ2001 እስከ 2005 ደግሞ የካናዳ የጠፈር ኤጀንሲን በፕሬዚዳንትነት መራ።

ዩኒፎርም ማውለቅ

በካናዳ በመደበኛው ጦር ውስጥ እያገለገለ ያለ ወታደር በፓርቲ ፖለቲካ አይሳተፍም፣ ለምርጫም አይቀርብም። መጀመሪያ ዩኒፎርሙን ያወልቃል። ጋርኖ ከጦሩ በወጣበትና ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት ዓመት መካከል 17 ዓመት አለ። ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ሰው የሚያውቀው በጠፈርተኛነቱ እንጂ በመኮንንነቱ አልነበረም።

ስንት ዓመት መቆየት አለበት የሚል ሕግ ግን ካናዳ የላትም። አሜሪካ ለመከላከያ ሚኒስትርነት አላት። አንድ መኮንን ከጦሩ ከወጣ ሰባት ዓመት፣ ጄኔራል ከነበረ ደግሞ አሥር ዓመት ካልሞላው ኮንግረስ ልዩ ፈቃድ ካልሰጠው በስተቀር አይሾምም። ካናዳ በሕግ ፈንታ የምትተማመነው በሌላ ወንፊት ነው። ሚኒስትር የሚሆን ሰው የፓርላማ ወንበር እንዲኖረው ይጠበቃል። ወንበሩን የሚሰጠው መራጩ ነው።

ይህ ወንፊት ቀልድ አይደለም። ጄኔራል አንድሩ ማክኖተን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳን ጦር በአውሮፓ የመሩ ሰው ናቸው። በ1944 መጨረሻ የመከላከያ ሚኒስትር ተደርገው ተሾሙ። ወንበር ስላልነበራቸው በየካቲት 1945 ለማሟያ ምርጫ ቀረቡ። ተሸነፉ። በሰኔው ጠቅላላ ምርጫ ሌላ ቦታ ቀረቡ። አሁንም ተሸነፉ። ከዚያ ሥልጣኑን ለቀቁ። ጦር መርቶ መምጣት አንድ የገጠር የምርጫ ክልል እንኳ አላስገኘላቸውም።

ሌላም በር አለ። በሩዋንዳው እልቂት ጊዜ የተባበሩት መንግሥታትን ኃይል የመሩት ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር በ2005 ሴናተር ሆነዋል። ግን የካናዳ ሴናተር ይሾማል እንጂ አይመረጥም። የመጠባበቂያ ጦሩ ሌተናል ኮሎኔል ሀርጂት ሳጃን ደግሞ በ2015 ተመርጦ በቀጥታ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። የአየር ኃይል ሻምበል የነበረው ኤሪን ኦቱል የወግ አጥባቂ ፓርቲውን እስከ መምራት ደርሷል። ሁሉም «ወታደር የነበሩ ፖለቲከኞች» ይባላሉ። የመጡበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

ይህ ልማድ ጥሩ ነው ወይ በሚለው ላይ ሰው አይስማማም። ደጋፊዎቹ ጦርነት የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ካቢኔ ውስጥ መኖር አለበት ይላሉ። ተቺዎቹ ሜዳልያ የምርጫ ፖስተር ጌጥ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ማዘዝና መታዘዝ የለመደ ሰው ለፓርላማ ክርክር አይመችም የሚሉም አሉ። ለእኔ ሁለቱም ወገን «ወታደር» የሚለውን ቃል በጅምላ የያዘው ይመስለኛል። እግረኛ ጦር ያዘዘ ሰውና የመርከብ ራዳር ሲፈትሽ የኖረ ሰው አንድ ዓይነት ልማድ ይዘው አይወጡም።

ጋርኖ በ2006 በሊበራል ፓርቲ ስም ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ2008 ሞንትሪያል ውስጥ፣ ዌስትማውንት ቪል ማሪ በተባለው ክልል አሸነፈ። በ2013 ለፓርቲው መሪነት ከጀስቲን ትሩዶ ጋር ተወዳደረ። ውድድሩ ሳያልቅ መጋቢት ውስጥ ጋዜጠኞች ጠርቶ ያስጠናውን አስተያየት አነበበላቸው። ትሩዶ 72 በመቶ፣ እሱ 15 በመቶ። ቁጥሩ ይህ ከሆነ አሸንፋለሁ ማለት አልችልም ብሎ ራሱን አገለለ፤ ድጋፉንም ለትሩዶ ሰጠ። ፖለቲከኛ የራሱን ሽንፈት በራሱ አፍ፣ በመቶኛ ሲናገር ብዙ ጊዜ አንሰማም። ትሩዶ በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ጋርኖን የትራንስፖርት ሚኒስትር አድርጎ ሾመው።

ከመጋቢት 1 እስከ መጋቢት 4

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ በተባለ ቦታ ወደቀ። 157ቱም ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ 32ቱ ኬንያውያን፣ 18ቱ ካናዳውያን ነበሩ። ናይሮቢ ላይ ለሚካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የሚጓዙም ነበሩባቸው።

ከአምስት ወር በፊት ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ሞቷል።

የሁለቱ አደጋዎች ማገናኛ «ኤምካስ» የተባለ ሶፍትዌር ነው። ማክስ ከቀድሞዎቹ 737ዎች የሚበልጥ ሞተር አለው፤ ሞተሩም ወደ ፊት ወጣ ብሎ ነው የተገጠመው። በዚህ የተነሳ አንዳንዴ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ቀና የማለት ጠባይ አለው። ኤምካስ ይህን ሲያይ የጅራቱን ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። ቀና ማለቱን የሚነግረው አፍንጫው አጠገብ ያለ ትንሽ ሴንሰር ነው። ሴንሰሮቹ ሁለት ናቸው፤ ኤምካስ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከዋሸ አፍንጫው ያለ ምክንያት ይጫናል። አብራሪው ቀና ሲያደርገው ሶፍትዌሩ ተመልሶ ይጫነዋል። በቢሾፍቱው በረራ በግራ በኩል ያለው ሴንሰር ከተነሱ ብዙም ሳይቆይ 74.5 ዲግሪ ማንበቡን የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት ያሳያል። መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በእንዲህ ያለ ማዕዘን አይበርም።

ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልታወቀም ነበር። ጥቁር ሳጥኖቹ ገና ለምርመራ ወደ ፈረንሳይ አልሄዱም። ውሳኔዎቹ የተላለፉት በጨለማ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ማክሶቹን ከአደጋው ዕለት ጀምሮ አቆመ። ቻይናና ኢንዶኔዥያ ሰኞ አገዱ። ማክሰኞ ሲንጋፖር፣ አውስትራሊያ፣ ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ተከተሉ። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ግን ማክሰኞ ማታም የሚያሳግድ ምክንያት አላገኘሁም ይል ነበር።

ጋርኖ ሰኞ ዕለት ሲጠየቅ እሱ ራሱ ማክስ ላይ ያለ ምንም ማመንታት እንደሚሳፈር ተናገረ። ማክሰኞ የያዘውን ስብሰባ ሰርዞ ከባለሙያዎቹ ጋር ዋለ። ረቡዕ ጠዋት አዲስ ዳታ ደረሰው።

ዳታው ከሳተላይት የመጣ ነው። ዘመናዊ አውሮፕላን ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት በየጊዜው በሬዲዮ ያሰራጫል። ኤሪዮን የተባለ ድርጅት ይህን ምልክት በሳተላይት ይለቅማል። ከድርጅቱ ባለድርሻዎች አንዱ የካናዳን የአየር ትራፊክ የሚመራው ናቭ ካናዳ ነው። ባለሙያዎቹ የአዲስ አበባውን በረራ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከላየን ኤሩ ጎን አስቀምጠው አዩ። ሁለቱም ሽቅብ እንደመሄድ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ይላሉ። ጋርኖ ይህ ማረጋገጫ እንዳልሆነ በግልጽ ተናገረ። ግን መመሳሰሉ ከመስመሩ አልፏል፣ አግደናል አለ። ካናዳ ውስጥ የነበሩት 41 ማክሶች ቆሙ።

የመርከቧን መሐንዲስ እዚህ ጋ አስታውሱት። የመጣለትን ምልክት አየ፣ መዘነ፣ ሰኞ የተናገረውን ቃል ረቡዕ በአደባባይ አጠፈ። «ሰኞም እንዲህ ብዬ ነበር» ለማለት አልሞከረም። ይህን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ።

ዘግይቷል ወይስ በጊዜው ነው?

ለሰውየው የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉት ይህ ነው። አውሮፕላን የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኘው በተሠራበት አገር ነው። ሌላው አገር በስምምነት ያንን መርምሮ ይቀበላል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በስሜትና በዜና ተገፍቶ አውሮፕላን ማገድ ከጀመረ ሥርዓቱ ይፈርሳል። ጋርኖ ማስረጃ ጠበቀ፣ ሲመጣ ወሰነ። አሜሪካን ሳይጠብቅ መወሰኑም በራሱ ቀላል አልነበረም። ካናዳ ስታግድ ከትልልቆቹ አገሮች አሜሪካ ብቻዋን ቀረች ማለት ይቻላል።

በሌላ ወገን ያሉት በአብዛኛው የሟች ቤተሰቦች ናቸው። በ2020 የካናዳ ፓርላማ የትራንስፖርት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ጥያቄያቸውን አሰምተዋል። ጥያቄያቸው ስለ ሦስቱ ቀናት ብቻ አልነበረም፤ ስለ አምስቱ ወራት ጭምር ነው። ከላየን ኤሩ አደጋ በኋላ ካናዳ ለምን ራሷ አልመረመረችም? የአሜሪካን ማረጋገጫ ለምን እንዳለ ተቀበለች? ያኔ ታግዶ ቢሆን የልጆቻችን ነፍስ በተረፈ ነበር ነው የሚሉት። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ከላየን ኤሩ አደጋ በኋላ በውስጥ ያሰላው ትንተና ደግሞ ለዚህ ክርክር ጉልበት ሰጠው። ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ ከባድ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ይገምት ነበር። ይህ ለሕዝብ የተገለጠው በ2019 መጨረሻ ነው።

የእኔ ሚዛን ወደ ቤተሰቦቹ ያጋድላል። የማስረዳት ሸክሙ ጉዳይ ነው። ረቡዕ የመጣው ዳታ በጋርኖ በራሱ አባባል ማረጋገጫ አልነበረም። ያም ሆኖ ለማገድ በቂ ነበር። እንግዲህ ለማገድ ማረጋገጫ ካላስፈለገ፣ በአምስት ወር ውስጥ አንድ ዓይነት ሁለት አዲስ አውሮፕላኖች ከተነሱ በደቂቃዎች ውስጥ መውደቃቸው እሑድ ማታ በቂ ምልክት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሳተላይት ግራፍ አልጠበቀም። ቻይናም አልጠበቀችም። የመሐንዲስ ጥንካሬ ዳታ ሲቀየር ሐሳቡን መቀየሩ ነው። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ ዳታው እስኪመጣ ይጠብቃል። እስኪመጣ ድረስ ሰው ይሳፈራል።

ይህን ስል ጋርኖን ከሌሎቹ ጋር እኩል ተጠያቂ ማድረጌ አይደለም። ሶፍትዌሩን የሠራውና በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አሠራሩን ያላብራራው ቦይንግ ነው። ማረጋገጫውን የሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ነው። የሚኒስትር ጥፋት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ግን ሚኒስትር የተቀመጠው ከላይ ያሉት ሲሳሳቱ እንዲይዝ ነው።

የኋለኞቹ ዓመታት

በጥር 2020 የዩክሬን አውሮፕላን ቴህራን ላይ በኢራን ሚሳኤል ሲመታ 176 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ 55ቱ የካናዳ ዜጎች ነበሩ። ጋርኖ አሁንም የትራንስፖርት ሚኒስትር ነበር። በጥር 2021 ወደ ውጭ ጉዳይ ተዛወረ። በዚያ ዓመት ቻይና ያሰረቻቸው ሁለት ካናዳውያን ተፈቱ። ካቡል በታሊባን እጅ ስትወድቅ ግን ካናዳ አብረዋት የሠሩ አፍጋናውያንን በማስወጣት ላይ ዘገየች ተብላ ክፉኛ ተወቀሰች። በጥቅምት ከካቢኔው ወጣ። በካናዳ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትር ሲያነሳ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ጋርኖ በፓርላማ አባልነት ቆይቶ በመጋቢት 2023 ለቀቀ።

ከአደጋው በኋላ የተቀየረው

የካናዳ ተቆጣጣሪዎች ማክስን እንደገና ለማስበረር የአሜሪካን ቃል ብቻ አልተቀበሉም። በ2020 ክረምት የራሳቸውን አብራሪዎች ልከው አውሮፕላኑን ፈተሹ። ኤምካስ ከእንግዲህ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር ተደረገ። አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ግዴታ ሆነ። በታኅሣሥ 2020፣ ጋርኖ ቢሮውን ሊለቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ካናዳ ማሻሻያውን ተቀበለች። በራሷ በኩል ግን አሜሪካ ያልጠየቀችውን አንድ ነገር ጨመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላንን አየር ሊከዳው ሲል፣ ማለትም ክንፉ ሊሸከመው ሲያቅተው፣ መሪው በአብራሪው እጅ ውስጥ በኃይል እየተንቀጠቀጠ ያስጠነቅቃል። ሴንሰሩ ሲዋሽም ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ከባድ ነው፣ ሐሳብ ይበትናል። በኢትዮጵያው በረራ የካፒቴኑ መሪ ከተነሱ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መንቀጥቀጥ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ገደማ አላቆመም። ሁለቱ አብራሪዎች ከአፍንጫው ጋር የታገሉት ያንን እየሰሙ ነው። የካናዳው መመሪያ ማስጠንቀቂያው ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ካፒቴኑ ንዝረቱን ከኤሌክትሪክ ማቋረጫው እንዲያጠፋው ይፈቅዳል። በካናዳ አየር መንገዶች ማክስ ላይ ያ ማቋረጫ በቀላሉ እንዲታይና እንዲያዝ የተለየ ቀለም ያለው ትንሽ ክዳን ተደርጎለታል።